እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ፈቃድ ይጠየቅ

ዝናቡ አቁሞ ሣሩ ከደረቀ ወዲህ በግቢያችን ውስጥ አንድ ሥራ ያለ ማንም ከልካይ በየቀኑ ሲፈጸም እናያለን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በቀን የተጠረገው ቅጠል ከማደሪያው ጀርባ ይከመራል፤ በቅጠሉ ላይ ፌስታሉ፣ የውኃ ፕላስቲኩ፣ የተቀዳደደው ወረቀትና ከምግብ ቤት የወጣው ካርቶን ይደፋበታል፤ ከዚያም ክብሪት ይጫርና ጢሱ በመስኮታችን ይገባል። በማኅበራችን ስም አንዲት ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ብንፈልግ ማኅተም ያስፈልገናል። ለስብሰባ አዳራሽ ብንጠይቅ ከየቢሮው ፊርማ ስንለምን እንውላለን። በመቶ የሚቆጠር ሰው የሚተነፍሰውን አየር ለማበላሸት ግን ክብሪት ብቻ ይበቃል። ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው እስከ ዛሬ ያለ አይመስለንም።

እኛ የምንለው እሳት ፈጽሞ አይነድድ አይደለም። ከቤት ውጭ እሳት የሚያነድድ ማንም ሰው ወይም መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ፈቃዱም የዕለቱን አየር አይቶ የሚሰጥ ወይም የሚከለከል ይሁን ነው የምንለው። የሐሳባችን ፍሬ ነገር ያለው «የዕለቱን አየር አይቶ» በሚለው ላይ ስለ ሆነ ከዚሁ እንጀምር።

ጢስ በማንኛውም ሰዓት እኩል አይጎዳም። በቀን ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከመሬት አጠገብ ያለው አየር አብሮ ይሞቅና ወደ ላይ ይወጣል፤ ጢሱንም ይዞት ይሄዳል። ከመሸ በኋላ ግን መሬቱ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፤ ሞቃቱ አየር ደግሞ ከላይ ሆኖ እንደ ክዳን ይገጥምበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ያለች፣ በሰሜን በኩል በእንጦጦ የተጋረደች ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ደመና በሌላቸው ሌሊቶች ይህ ክዳን በደንብ ይገጥማል። በማለዳ ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ቁልቁል የተመለከተ ሰው በከተማዪቱ ላይ ተኝቶ የሚያየው ግራጫ ነገር ሁሉ ጉም አይደለም። በግቢያችን እሳቱ የሚለኮሰው ክዳኑ ሊገጥም ሲል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ከቀኑ ሰዓቶች ሁሉ የከፋውን ምረጡ ብንባል እኛም ከዚህ ሌላ አንመርጥም ነበር። የለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 እንዲህ ያለ ክዳን ለአምስት ቀን ገጥሞባት የድንጋይ ከሰል ጢስ ታፍኖ ቢቀር በመጀመሪያው ቆጠራ 4,000 ያህል፣ በኋላ በተደረገው ጥናት ደግሞ እስከ 12,000 የሚደርስ ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። አየር የሚጠብቀው ሕግ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1956 ነበር።

«ቅጠል ቢቃጠል ምን አለበት» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ከጢሱ ውስጥ የሚጎዳው በዓይን የሚታየው ጥላሸት ብቻ አይደለም። ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው፣ ማለትም ከአንድ ጠጉር ወደ ሠላሳ እጅ ያህል የሚቀጥነው ብናኝ ነው ወደ ሳንባው ጥልቅ ገብቶ እስከ ደም የሚደርሰው። የዓለም የጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ይህ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በዓመት አማካይ ከ5፣ በ24 ሰዓት አማካይ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ቀድሞ የነበረው የዓመቱ ልክ 10 ነበር፤ ማስረጃው ሲበዛ ልኩ በግማሽ ወረደ። እርጥብ ቅጠል ደግሞ ነበልባል ሳያወጣ እየተጨናበሰ ስለሚያድር ከደረቁ ይልቅ ጢሱ ይበዛል። ፕላስቲኩማ ለብቻው የሚነገር ነው። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል ዲዮክሲን የተባለውን መርዝ ይፈጥራል። አገራችን የተቀበለችው የስቶክሆልም ስምምነትም የዚህ መርዝ ምንጭ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል በሜዳ ላይ የሚቃጠል ቆሻሻ ይገኛል። አስም ያለበት ተማሪ ይህን ሁሉ ቁጥር ሳያነብ ያውቀዋል፤ ሲመሽ መጽሐፉን ይዞ ወዴት እንደሚሸሽ ግን አያውቅም።

እዚህ ላይ ከትላልቆች ዘንድ አንድ ተቃውሞ ይመጣል። «ኅዳር ሲታጠን ኖሯል፤ አባቶቻችን ቆሻሻ አቃጥለው በሽታ አባረሩ እንጂ መቼ ታመሙ» ይሉናል። ይህን በቀልድ ማለፍ አይገባም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ የተዛመተው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ሲገባ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሕዝብ አለቀ፤ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቤቱና ደጁ ይጠረጋል፤ ጥራጊውም በየመንደሩ ይቃጠላል። ያ ትውልድ በሽታው ኢንፍሉዌንዛ እንደ ሆነ፣ ከሰው ወደ ሰውም በትንፋሽ እንደሚሄድ የሚነግረው አልነበረም። በያዘው እውቀት የሚቻለውን አደረገ። መጥረጉ ዛሬም ትክክል ነው። ማጠኑ ግን የሳንባ በሽታን በሳንባ ላይ በሚጨምር ነገር መከላከል ነውና፣ እኛ ሳይንስ ተማርን የምንል ሰዎች ይህን ሳንናገር ብንቀር ያስወቅሰናል። በ1911 ዓ.ም. ከተቃጠለው ጥራጊ ውስጥ ፌስታል እንዳልነበረም ይታወስ። (ደመራን አጥፉ የሚል ካለ እኛን በምስክርነት አይጥራን። ደመራ ደረቅ እንጨት ነው፤ ቀኑም ቦታውም ለሁሉ የታወቀ ነው። የእኛ ጥያቄ ቀንም ቦታም ስለሌለው እሳት ነው።)

የፈቃድ ነገር በሌላ አገር እንዴት እንደ ሆነ ለማየት ወደ ካሊፎርኒያ እንሂድ። በሳክራሜንቶ ሸለቆ ያሉ የሩዝ ገበሬዎች ከመከር በኋላ ገለባውን በማሳው ላይ ያቃጥሉ ነበር፤ በመጸው ወራት ጢሱ ከተሞቹን ይሸፍን ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በአንድ ቀን «ክልክል ነው» አላለም። ማቃጠሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ አደረገ። ገበሬው የጽሑፍ ፈቃድ ይይዛል፤ ነገር ግን ወረቀቱን ስለ ያዘ ብቻ አይለኩስም። በየዕለቱ የአየር ጠባይ አዋቂዎች ነፋሱንና አየሩ ወደ ላይ የሚቀላቀልበትን ከፍታ ተመልክተው ዛሬ የሚቃጠልበት ቀን ነው ወይስ አይደለም ይላሉ፤ የሚቃጠልበት ቀን ከሆነም ስንት ማሳ እንደሚቃጠል ይደለድላሉ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሩዙ በሽታ እንደያዘው የተረጋገጠለት ገበሬ ብቻ፣ እሱም ከዘራው መሬት ከ25 ከመቶ ሳይበልጥ እንዲያቃጥል ተወሰነ። የቀሩት ማሳውን በውኃ አጥለቅልቀው ገለባውን ማበስበስ ያዙ፤ በክረምት በዚያ ውኃ ላይ ዳክዬና ዝይ ይሰፍርበታል።

በሕንድ አገር ደግሞ ሌላ መንገድ ተሞከረ። በፑንጃብ ያለው ገበሬ ሩዙን አጭዶ ስንዴውን ለመዝራት ያለው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የከርሠ ምድር ውኃን ለማዳን የሩዙ ተከላ እንዲዘገይ በሕግ ስለ ተወሰነ አጨዳውም ዘገየ፤ ማቃጠሉ ነፋስ በሌለበት በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ላይ ወደቀ። በ2015 የአካባቢው ፍርድ ሸንጎ ማቃጠልን ከለከለ። ገበሬው ግን በገለባው ፈንታ ሌላ ምን እንደሚያደርግ የሚያስችለው ነገር በበቂ ስላላገኘ ክልከላው በወረቀት ላይ ቀረ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም የደልሂ ሰማይ ጢስ ለብሶ ታየ። እኛ የካሊፎርኒያውን መንገድ የምንመርጠው ባዕድ አገርን ስለምናደንቅ አይደለም። ሰው የሚለቅበት ሌላ መውጫ አግኝቶ መከልከልና መውጫ ሳይሰጡት መከልከል አንድ ስላልሆኑ ነው።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ እጃችን ባዶ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ብዙ ተማሪ የማያውቀው አንድ አንቀጽ አለው፤ በአንቀጽ 11 መሠረት አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ አቤቱታ ለማቅረብ «አንተን ምን ነካህ» ተብሎ መጠየቅ የለም። ጥቅሙ ባይነካም ማንም ሰው ለባለሥልጣኑ አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ይህን አንቀጽ ለፈተና ብቻ እንዳያጠኑት አደራ እንላለን። ይሁን እንጂ አቤቱታ የሚመጣው ጢሱ ከወጣ በኋላ ነው። እኛ የምንሻው ከክብሪቱ በፊት የሚመጣውን ነው።

በፈቃድ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ ከራሳችን መካከል የሚነሣም ነው። «ፈቃድ ማለት ነገ ና ማለት ነው፤ ፈቃድ ማለት ለማኅተሙ ባለቤት ሻይ መግዣ ማለት ነው፤ በመጨረሻም የሚቀጣው ደካማው ነው» ይሉናል። እውነት አለበት። አትክልተኛው እሳቱን የሚለኩሰው ጢስ ስለሚወድ አይደለም። የቆሻሻ መኪናው ሳይመጣ ገንዳው ሞልቶ ይፈስሳል፤ አለቃው ደግሞ ግቢው ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ይፈልጋል። ጢሱን በቅርብ የሚውጠውም እሱው ነው፤ እኛ መስኮት መዝጋት እንችላለን፣ እሱ ግን መንሹን ይዞ ከእሳቱ አጠገብ ይቆማል። ስለዚህ ፈቃድ ጠያቂው አትክልተኛው መሆን የለበትም። ጠያቂው አስተዳደሩ ይሁን፤ ያለ ፈቃድ ቢነድም ተጠያቂው ያዘዘው ይሁን። በከተማውም ቢሆን የቆሻሻ መኪና የማይደርስበትን መንደር ነዋሪ አስቀድሞ መቅጣት ያው የፑንጃብን ስሕተት መድገም ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ለአስተዳደሩ የሚከተለውን እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። በግቢው ውስጥ ፈቃድ የሚሰጥ አንድ ሰው በስሙና በኃላፊነቱ ይታወቅ፤ ቢቻል ስለ አየር የሚያውቅ መምህር ይሁን። ፈቃዱ በአንድ ገጽ ላይ ምን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በማን ትእዛዝ እንደሚቃጠል ይጻፍበትና ከአንድ ቀን በፊት በየማደሪያው በር ላይ ይለጠፍ። ሰዓቱ ከረፋዱ 4 እስከ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ይሁን፤ ነፋስ ወደ ማደሪያው ወይም ወደ ክሊኒኩ የሚነፍስ ከሆነ ፈቃዱ በዚያው ቀን ይነሣ። የደረቀ ቅርንጫፍ ብቻ ይፈቀድ፤ ፕላስቲክ በማናቸውም ቀን፣ በማናቸውም ሰው ፊርማ አይፈቀድ። ለፈቃዱ አንድ ሳንቲም አይከፈል። ቅጠሉማ ለምን ይቃጠላል? ጉድጓድ ተቆፍሮ ከምግብ ቤቱ ትርፍራፊ ጋር ቢበሰብስ ለዚያው ለአትክልቱ ማዳበሪያ ይሆናል፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ ለብቻው ይለይ። ይህ ከተደረገ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቀን በዓመት ጥቂት ብቻ እንደሚሆን እንገምታለን።

አንድ ነገር እንጨምር። የአሜሪካ ኤምባሲ በአዲስ አበባ ያቆመው መሣሪያ የዚህን ጥቃቅን ብናኝ መጠን ለዓመታት ለሕዝብ ሲያሳውቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአገሩ መንግሥት በየኤምባሲው ያለውን ልኬት ማሠራጨቱን አቋረጠ። የራሳችንን አየር ልክ ከሰው ኤምባሲ ስናነብ መኖራችን ራሱ ሊያሳስበን በተገባ ነበር። የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍል ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ሆነው በግቢያችን አንድ መለኪያ ለማቆም ቢነሡ፣ እሳት በነደደበትና ባልነደደበት ምሽት ያለውን ልዩነት በዚሁ ጋዜጣ ላይ ቁጥሩን ሳንቀንስ ሳንጨምር እናወጣለን።

ጥያቄው በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ይቀርባል። የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰቢያው ወረቀት በማኅበሩ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አትክልተኞችና የጽዳት ሠራተኞችም እንዲፈርሙበት ቦታ ትተናል።