ኦርጋኑ አሰላ እንዲደርስ

ሐሞንድ ቢ-3 ኦርጋን ከነወንበሩና ከነእግር መርገጫው ከ180 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ዴራንና ኢተያን አልፎ አሰላ ላይ ለተደገሰ ሰርግ ይህን ዕቃ ጭኖ የሚወጣ ኪቦርድ ተጫዋች አይገኝም። ቢገኝም ሶኬቱ ጋ ሲደርስ ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል።

ላውረንስ ሐሞንድ ከኦርጋን በፊት የኤሌክትሪክ ሰዓት ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ ያቀረበው ኦርጋንም በዚያው በሰዓቱ ብልሃት ይሄዳል፤ ሞተሩ ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ሞገድ ነው። ሞተሩ ጠርዛቸው ወጣ ገባ የሆነ የብረት ዲስኮችን ያዞራል፤ በቢ-3 ላይ 91 ናቸው። እያንዳንዱ ዲስክ ማግኔት አጠገብ ሲሽከረከር የየራሱን ድምፅ ይወልዳል። ለአሜሪካው 60 ሄርዝ የተሠራው ኦርጋን በእኛው 50 ሄርዝ ላይ ቢሰካ፣ ቮልቴጁ በትራንስፎርመር ቢስተካከልለት እንኳ፣ ዲስኮቹ ይዘገያሉ፤ ቅኝቱም በሙሉ አንድ ቶን ተኩል ያህል ይወርዳል። ዘፋኙ ትዝታን በለመደው ከፍታ ሲያነሳ ኦርጋኑ ከታች ይቀራል።

ዛሬ ያን ሁሉ ብረት አንድ ላፕቶፕ ይሸከመዋል። ሴትቢፍሪ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። የዲስኮቹን ዙረት፣ ዶን ሌስሊ የፈጠረውን የሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ ሳይቀር በስሌት ይሠራል። ለ50 ሄርዝ የተሠራውን ኦርጋን የማርሽ ጥርስ ቀመር መርጦ መቃኘትም ይቻላል። ከሁሉ የሚያስደስተው ግን ጠቅታው ነው። ቁልፍ ሲነካ የምትሰማውን ትንሽ ጠቅታ ሠሪዎቹ እንደ ጉድለት ቆጥረዋት ነበር፤ ተጫዋቾች ግን ወደዷት፣ አሁን ፕሮግራም ጸሐፊዎች እሷኑ ለመመለስ ይደክማሉ።

የኦርጋን ድምፅ ለኢትዮጵያ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን አልበም ሲያወጣ፣ ኃይሉ መርጊያ ከኦርጋኑ ጀርባ ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ፤ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

አሰላ ውስጥ በሰርግም በቤተ ክርስቲያንም ኪቦርድ የሚጫወቱ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ፋብሪካው «ኦርጋን» ብሎ አዘጋጅቶ ያስቀመጠውን ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው። የእውነተኛው ኦርጋን ነፍስ ግን ድሮባር የሚባሉት ዘጠኙ ተሳቢ ዘንጎች ናቸው፤ ተጫዋቹ ዜማው መሐል አንዱን እየሳበ ሌላውን እየገፋ ድምፁን ያወፍራል፣ ያቀጥናል። ይህን መማር ይገባቸዋል፤ ኪቦርዱን በዩኤስቢ ገመድ ፕሮግራሙ ከተጫነበት ላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ይበቃል። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ላፕቶፑ ድምፁን ካዘገየ ጣትና ጆሮ ይጣላሉ፣ ስለዚህ የድምፅ መጠባበቂያውን (ባፈሩን) ማሳነስ ግድ ነው።

ሰርጉ መሐል መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል። ጄነሬተሩ እስኪነሳ ዝም የሚለው ስፒከሩ ነው፤ ኪቦርዱ ከላፕቶፑ ኃይል የሚያገኝ ከሆነ ግን ተጫዋቹ በጆሮ ማዳመጫው እየሰማ ዜማውን አይለቅም።