የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ በሕግ ይጠበቅ እንጂ አይሸርሸር



የመንግሥት ገንዘብ ባጠረ ቁጥር ቅነሳው የሚጀምረው አቤቱታው ከማይሰማለት ወገን ነው። ስለሆነም ፓርቲያችን ለአካል ጉዳተኛ ወገኖቻችን በሚሰጠው ድጋፍ ላይ ያለውን አቋም ከምርጫው በፊት በግልጽ ማስቀመጥ ይፈልጋል። ድጋፉን የምናየው እንደ ዜግነት መብት እንጂ እንደ ምጽዋት አይደለም። በግልጽም ሆነ በስውር እንዲቀነስ አንፈቅድም።

ሕጉ ያለው በወረቀት ላይ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን የማቋቋምና የመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 የሥራ መብታቸውን አረጋገጠ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚዎች መግቢያ እንዲኖራቸው አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። ይሁን እንጂ አዋጅ ብቻውን ዊልቸር አይገዛም፤ አስተርጓሚም አይቀጥርም። አዋጅን ሥራ ላይ የሚያውለው በጀት ነው።

በጀት የሚቀነሰው በስብሰባ ተወስኖ ብቻ አይደለም። ብሩ ባለበት ቆሞ ገበያው ሲወጣ ያው ቅነሳ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀድሞ ከ17 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ የነበረ 1 ሚሊዮን ብር 10 ሺህ ዶላር እንኳ መሙላት አቃተው። የመስሚያ መሣሪያ፣ የሰው ሠራሽ እግር ዕቃና የብሬይል ወረቀት በአመዛኙ ከውጭ የሚገቡ ናቸው። በጀቱ በዚያው ልክ ካልተስተካከለ አሥር ሰው ይረዳ የነበረው ገንዘብ ለስድስት ሰው እንኳ አይበቃም። የቀሩት አራቱ ወዴት ይሂዱ?

ሁለተኛው አደጋ በሰው ገንዘብ መታመን ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ መሥራት ለማይችሉ ወገኖች ቀጥታ ድጋፍ መስጠቱ መልካም ጅምር ነበር። ነገር ግን የቆመው በአብዛኛው በዓለም ባንክ ብድር ነበር። በብድር የቆመ ፕሮጀክት ደግሞ ማብቂያ ቀን አለው፤ የሰው ጉዳት ግን የለውም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በድንገት ሲያቆም ብዙ አገልግሎቶች እንዴት እንደተናጉ ሁላችንም አይተናል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት የድጋፍ ፈላጊውን ቁጥር በጨመረበት ዘመን፣ የዜጎቻችንን ክራንች ለባዕድ መንግሥት ውሳኔ መተው አይገባንም።

«አገሪቱ ድሃ ናት፣ አቅም የላትም» የሚሉን አሉ። አቅማችን ውስን መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ድጋፉ ሲቀር ወጪው አይቀርም፤ ወደ ቤተሰብ ይዞራል። ልጇን ተሸክማ ወደ ትምህርት ቤት የምታመላልስ እናት ጉልቷን ትዘጋለች። ዓይነ ስውር ወንድሙን የሚመራ ታዳጊ ከትምህርት ይቀራል። ዊልቸር ያጣ ባለሙያ ከሥራው ይፈናቀላል። አንድ ሰው መደገፍ ሲገባን ሁለት ሰው ከሥራ እናወጣለን። በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገድ መስፋቱን እንደግፋለን፤ ሆኖም ከቤቱ መውጫ ያጣ ሰው ሰፊውን መንገድ በምኑ ይደርስበታል?

ያልተቆጠረ ሰው በጀት አይያዝለትም። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከመቶ 1 ብዙም ሳያስበልጥ መዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ግን ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 15 ያህሉ ከአካል ጉዳት ጋር ይኖራል። ልዩነቱ የሚያሳየው አገራችን ከዓለም የተሻለ ጤነኛ መሆኗን ሳይሆን ብዙዎች በየጓዳው ተረስተው መቅረታቸውን ነው።

በመሆኑም ፓርቲያችን ቢመረጥ፦

1. የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ በየዓመቱ በኑሮ ውድነቱ ልክ እንዲስተካከል፣ ያለ ምክር ቤት ግልጽ ውሳኔም እንዳይቀነስ የሚያስገድድ ሕግ እናወጣለን።

2. ቀጥታ ድጋፉን ከብድር ፕሮጀክት ወደ መንግሥት መደበኛ በጀት ደረጃ በደረጃ እናሸጋግራለን።

3. በጤና ጣቢያ፣ በፖሊስ ጣቢያና በፍርድ ቤት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንመድባለን።

4. ሕዝብ የሚገለገልበት ሆኖ ለዊልቸር ተጠቃሚዎች መግቢያ የሌለው አዲስ ሕንፃ የመጠቀሚያ ፈቃድ እንዳያገኝ እናደርጋለን።

5. በሚቀጥለው የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞች በአግባቡ እንዲቆጠሩ እናደርጋለን።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለን መልሳችን፦ ቁጠባ ይጀመር ከተባለ ከድግሱ፣ ከስብሰባው አበልና ከባለሥልጣን መኪና ይጀመር።

ውድ መራጮች፦ የመኪና አደጋ፣ ሕመምና እርጅና የማንንም ደጅ አንኳኩተው አይገቡም። ነግ በእኔ ብላችሁ አስቡ። ዕጩዎች ለቅስቀሳ ወደ ሰፈራችሁ ሲመጡ፣ እኛንም ጨምሮ፣ ይህን ድጋፍ ታስጠብቃላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ድምፃችሁንም በመልሳቸው ልክ ስጡ።