ከጠጠር እስከ ሞባይል

በመርሳ ገበያ አንዲት እናት ሽንኩርት ይሸጣሉ። ነጋዴው 13 ኪሎ መዘነ። የኪሎው ዋጋ 60 ብር ነው። ሞባይሉን ነካ ነካ አደረገና «720 ብር ነው እማማ» አለ። እናት ዝም አሉ። ከመሬት ጠጠር ለቀም ለቀም አደረጉ።

እኛም ቆመን አየን። 13ን ለሁለት እየከፈሉ፣ የተረፈችውን እየጣሉ ወረዱ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በጎኑ ደግሞ 60ን እጥፍ እጥፍ አደረጉ፦ 60፣ 120፣ 240፣ 480። 6 ለሁለት እኩል ይከፈላል፤ ስለዚህ አጠገቡ ያለውን 120 ተዉት። የቀሩትን 60፣ 240 እና 480 ደመሩ። 780 ሆነ። «ልጄ፣ 60 ብር ጎድሏል» አሉት። ነጋዴው እንደገና ቢያይ ለካ በ13 ፈንታ 12 ነክቷል። ሞባይል የነገሩትን ነው የሚያሰላው! 60 ብሩን ጨምሮ ከፈለ።

ይህ ስሌት በውጭ አገር መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» ይባላል። በጥንት ግብፅም ይህን የመሰለ ነበረ። ምሥጢሩ እንዲህ ነው። 1፣ 4 እና 8 ሲደመሩ 13 ናቸው። እናትም የደመሩት የ1፣ የ4 እና የ8 ኪሎ ዋጋ ነው።

ሞባይልም በሆዱ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ኤሌክትሪክ አለ፣ ኤሌክትሪክ የለም። «አለ»ን 1፣ «የለም»ን 0 ብለን ብንጽፍ፣ 13 በእሱ ቤት 1101 ነው። አንድ 8፣ አንድ 4፣ 2 የለም፣ አንድ 1 ማለት ነው።

እዚህ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ፈጅቷል። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እንንገራችሁ። ፓስካል የሚባል የፈረንሳይ ወጣት በ1642 ባለጥርስ መዘውር የሚደምር ሣጥን መሥራት ጀመረ። አባቱ ግብር ሰብሳቢ ነበሩ፤ በሂሳብ ብዛት ሲደክሙ አይቶ ነው። በ1945 አሜሪካኖች ኤኒያክ የተባለውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኮምፒዩተር ሠሩ። ክብደቱ 270 ኩንታል ያህል ነበር። አንድ አይሱዙ አይችለውም! ዛሬ ከዚያ የበለጠ የሚያሰላው በኪስ ይገባል።

ኮምፒዩተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1997፣ በእኛ 1989 ዓ.ም. ነው። ፊደላችንም በ1999 ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ ገባ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትም አገር ኮምፒዩተር ያው «ሀ» ነው።

እስቲ ይህን በጠጠር ሞክሩት፦ 17 ኪሎ ማንጎ፣ ኪሎው በ25 ብር። ስትጨርሱ ከልጆቻችሁ ሞባይል ጋር አስተያዩት።