ለበጋ ግብዣ የሚሆን የፍራፍሬ ወይን ጠጅ

ከአንባቢዎቻችን አያሌዎቹ አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙ ሹማምንት ስለ ሆኑ፣ በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ እንግዳ አቀባበል በጻፍን ቍጥር አንዳንድ ቃላትን እግረ መንገዳችንን መተርጐም ልማዳችን ነው። ዛሬ የምንጽፈው ለሥራ ተልከን በናይሮቢ ከተማ፣ ዌስትላንድስ በሚባለው ሠፈር በኖርንበት ዘመን ስለ ተማርነው አንድ መጠጥ ነው። መጠጡ ነጭ የወይን ጠጅ ከፍራፍሬና ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ተደባልቆ የሚቀርብበት ሲሆን፣ እንግሊዞች «ፓንች» ይሉታል።

አስቀድመን «በጋ» ስለሚለው ቃል እንናገር። እንግሊዞች ይህን መጠጥ የ«ሰመር» መጠጥ ነው ይላሉ። የእነርሱ «ሰመር» ግን ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በእነዚያ ወራት በአገራችን የሚወርደው ዝናም ነው፣ ስሙም ክረምት ነው። ስለዚህ ወሩን ብቻ ቈጥሮ «የክረምት ግብዣ» ብሎ የተረጐመ ሰው ቢኖር፣ እንግዶቹ ጃንጥላ ይዘው ይመጡበታል። ናይሮቢም ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ደቡብ ወረድ ብላ፣ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተሠራች ከተማ ስለ ሆነች፣ በሐምሌ ሰማይዋ ደመና፣ ማታዋም ብርድ ነው። ሙቀት የሚበረታው ከጥር እስከ መጋቢት መግቢያ ድረስ ሲሆን፣ ይህም ከእኛ በጋ ጋር ይገጥማል። ከማቻኮስና ከማኩዌኒ የሚመጣው ማንጎም የሚበዛው በዚሁ ወራት ስለ ሆነ፣ ጥሙና ፍሬው በአንድነት ይደርሳሉ።

ቃል በማሳሳት ረገድ እኛም ከማንም አናንስም። አፋችንን የፈታነው በትግርኛ ነው፤ በትግርኛ «ጋሻ» ማለት እንግዳ ማለት ነው። አዲስ አበባ በገባን ሰሞን ለቤቱ እመቤት «ዛሬ ማታ ጋሻ ይመጣብናል» ብለን ብንነግራቸው፣ እርሳቸው «ከማን ጋር ተጣልታችሁ ነው?» ሲሉ ደንግጠው ጠየቁን። በአማርኛ ጋሻ የጦር መመከቻ ነውና። ታላቅን ሰው አክብረን የምንጠራበት «ጋሼ» የሚለው ቃልም «ጋሻዬ» ከማለት የመጣ ነው ይባላል። በእኛ ጆሮ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ዛሬም «እንግዳዬ» የሚል ይመስለናል።

«ወይን ጠጅ» የሚለውም ስም ማስተዋል የሚገባው ነው። ጠጅ ብቻ ሲባል ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ የሚጣለው መጠጥ ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪዎች ይህን «ሜስ» እንለዋለን። የወይን ፍሬ መጠጥ ግን ለአማርኛ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ይመስል፣ በጠጅ ስም ተጠግቶ «ወይን ጠጅ» ተባለ። ኪኩዩዎችና ካምባዎችም ከማር የሚጥሉት «ሙራቲና» የሚባል መጠጥ አላቸው፤ በእነርሱ ዘንድ የጌሾን ቦታ የሚይዘው ቋሊማ የሚመስል የአንድ ትልቅ ዛፍ ፍሬ ነው። በዚህ ምክንያት ስለ ማር ከኬንያውያን ጋር ስንነጋገር ብዙ ማስረዳት አላስፈለገንም።

ዌስትላንድስ ከናይሮቢ መካከል በስተ ሰሜን ምዕራብ ይገኛል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1983 የተከፈተው ሳሪት ሴንተር የሚባለው የገበያ አዳራሽ ያለው በዚያ ነው፤ በ2022 የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ፈጣን መንገድም መድረሻው በዚያው ሠፈር ነው። በአጠገቡ ያለው ፓርክላንድስ ከጥንት ጀምሮ የሕንድ ተወላጆች በብዛት የሰፈሩበት ነው። ስለዚህ በዚያ ሠፈር ቤት የተከራየ ሰው ግብዣ ባደረገ ጊዜ፣ በአንድ ገበታ ላይ ወይን የሚጠጣው፣ በሃይማኖቱ የማይጠጣው፣ የሚጾመውና መኪና የሚነዳው አብረው ይቀመጣሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ይህን አላሰብንበትም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ በነበረው እሑድ ሃያ የሚያህሉ ሰዎች ጠርተን፣ ወይን ጠጁን በየጠርሙሱ፣ ውስኪውንም እንደ መጣ አቀረብን። ከእንግዶቻችን አንዱ በዕድሜም በማዕርግም የሚበልጡን የአገራችን ሰው ነበሩ። ብርጭቆ ይዘን ቀረብናቸው።

«ይቅርብኝ፣ ወንድሜ፤ ውኃ ይበቃኛል» አሉን።

«በሞቴ፣ ጋሼ! ቤቴ መጥተው ውኃ ጠጥተው ሊሄዱ ነው?» አልናቸው።

«በሞቴ» ማለት ተናጋሪው በገዛ ሞቱ እየማለ የሚለምንበት ቃል ነው፤ እንቢ ያለ ሰው በለማኙ ሞት የጨከነ ያህል ይቈጠራል። ለእህል ሲሆን፣ የጠገበው እንግዳ አንድ ጉርሻ ቢጨምር ነው፤ ጉዳት የለውም። እኛ ግን ለመጠጥ ሦስት ጊዜ አልነው፤ በዙሪያችን የነበሩትም ሳቁና አገዙን። እርሳቸውም ባለቤታቸውን አየት አድርገው ብርጭቆውን ተቀበሉ። በዚያን ጊዜ መልካም አስተናጋጅ የሆንን መስሎን ነበር።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ የእኒያ ሰው ባለቤት የእኛን ባለቤት በሳሪት ሴንተር አገኟት። ጋሼ መጠጥ ከተዉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ኖሯል፤ የተዉትም በሐኪም ትእዛዝና በብዙ መከራ ነበር። ሴትዮዋ «ልጄ፣ አልተቀየምኩም፤ ፍቅራችሁ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ጠርሙስ ገብቷል» አሏት። ባለቤታችን ይህን በነገረችን ጊዜ የምንመልሰው ቃል አጣን። ሄደን ይቅርታ እንዳንጠይቅ፣ ይቅርታ መጠየቁ ራሱ ምስጢራቸውን ማወቃችንን መግለጥ ሆነብን። እነርሱም ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ በማንም ቤት አልታዩም።

መድኃኒቱን ያገኘነው ከጎረቤት ነው። በአጥር የምንገናኛት የጉጃራት ተወላጅ የሆነች ጎረቤታችን፣ ራሷ ወይን የማትቀምስ ስትሆን፣ ለእንግዶቿ ግን በሁለት ትልልቅ ጆጎች የፍራፍሬ መጠጥ ታቀርብ ነበር። በአንዱ ወይን አለበት፣ በሁለተኛው የለበትም፤ ሲታዩ ግን መንትዮች ናቸው። «ፓንች» በቋንቋዋ አምስት ማለት መሆኑንም የነገረችን እርሷ ናት። የመጠጡ ስም ከዚያ የመጣ ነው፣ አምስቱም ጠንካራ መጠጥ፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ ውኃና ቅመም ናቸው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ የማይስማሙም ሊቃውንት አሉ። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆንን የዚህ ዓይነት ቅመማ ማንም አላስተማረንም፤ በበዓል ቀን የሚሰጠን ሎሚ በስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ነበር።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ለዐሥራ ሁለት ሰው ሁለት ጠርሙስ፣ ማለት አንድ ሊትር ተኩል ነጭ የወይን ጠጅ ይበቃል። ጣፋጩን ሳይሆን ነጋዴዎች «ድራይ» የሚሉትን መምረጥ ይገባል፤ ጣፋጩን ፍሬውና ማሩ ይሰጡታልና። በናይሮቢ መደብሮች የደቡብ አፍሪካ ወይን ሞልቷል፤ ከናይቫሻ የሚመጣው ሌሌሽዋ የሚባለውም አለ። በአገር ቤት ያለ ሰው አዋሽ ክሪስታልን ቢወስድ ይሆነዋል። ውድ ጠርሙስ ለዚህ መክፈት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ የአናናስ ጣዕም ከገባበት በኋላ የወይኑን ዕድሜ የሚለይ ምላስ አላየንም።

ማሩ በቀዝቃዛ ወይን አይሟሟም። ስለዚህ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ይበረዛል፤ ይህ በአማርኛ «ብርዝ» የሚባለው ነው። ከዚያ አንድ ትልቅ ማንጎ፣ ግማሽ አናናስና ሁለት ብርቱካን ይከተፋሉ። ማንጎው የበሰለ ሆኖ ጸንቶ የሚቈረጥ ይሁን፤ ኬንያውያን «አፕል ማንጎ» የሚሉት ክብ ቀይ ማንጎ ለዚህ የተፈጠረ ነው። የብርቱካኑ ነጭ ልባስ መራራ ስለ ሆነ ተልጦ ይጣል። ሙዝ ይጠቍራል፣ የበሰለ ፓፓያም ይፈርሳል፤ ሁለቱም አይገቡም። የስድስት ፓሽን ፍሩት ጭማቂና የአንድ ሎሚ ውኃ ከጥቂት የብርቱካን ጭማቂ ጋር ታክሎ ግማሽ ሊትር ያህል ሲሆን፣ ሁሉም ከወይኑና ከብርዙ ጋር በአንድነት ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ፍሬውን ከሲቲ ፓርክ ገበያ በጧት ሄዶ መግዛት ይሻላል፤ ከቀትር በኋላ የሚገኘው ሰው ሁሉ ሲጨብጠው የዋለው ነው።

በአገራችን ሰው ሁሉ በአምቦ ስም የሚጠራው ዓይነት፣ ጋዝ ያለበት ቀዝቃዛ ውኃ አንድ ሊትር የሚጨመረው እንግዶች ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የገባ እንደ ሆነ ጋዙ ይበናል። በረዶም በጆጉ ውስጥ አይጣል፤ ቀልጦ ያቀጥነዋል። የወይን ዘለላ ፍሬዎችን በማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል አጠንክሮ በየብርጭቆው ሁለት ሁለት መጣል የተሻለ ነው። ሒሳቡንም ልብ በሉ፦ የወይኑ አልኮል ከመቶ 12 ቢሆን፣ አንድ ሊትር ተኩሉ ሦስት ሊትር በሆነ ጊዜ ከመቶ ወደ 6 ይወርዳል። የመጠጡን ኃይል የሚወስነው እንግዲህ ጠማቂው ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ነው። ነገር ግን አታላይ መጠጥ ነው፤ ጣፋጭና ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ቶሎ ቶሎ ይጠጣል። ከሥር የሚቀረው ፍሬም ወይኑን የመጠጠ ስለ ሆነ ለሕፃናት አይሰጥም።

ሁለተኛው ጆግ ከመጀመሪያው ያነሰ ክብር ሊኖረው አይገባም። በብዙ ቤት የማይጠጣ እንግዳ ከጥግ የተነሣ ለስላሳ በጠርሙሱ ይሰጠዋል፤ ይህም «አንተ ሌላ ነህ» ማለት ነው። ስለዚህ ፍሬው፣ ብርዙ፣ ጭማቂውም ያው ሆኖ፣ በወይን ጠጁ ፈንታ የነጭ ወይን ፍሬ ጭማቂ ይገባበታል፤ ከጋዙ ውኃ ግማሹም በዝንጅብል ለስላሳ ይተካል። ኬንያውያን ዝንጅብልን «ታንጋዊዚ» ይሉታል፤ ስቶኒ የሚባለው ለስላሳቸው ጕሮሮ የሚኰረኵር ነው፣ ወይኑ የጐደለውን ጠንከር ያለ ጣዕም ይመልስለታል። በጾም ወራትም የሚከለከል ነገር የለበትም። ይህን የመሰለ ነገር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ጭማቂ ቤቶች የማንጎውን፣ የፓፓያውንና የአቮካዶውን ጭማቂ በአንድ ብርጭቆ ደራርበው «ስፕሪስ» ይሉታል። ቃሉ ከጣልያኖች የመጣ ይመስለናል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን «ስፕሪትስ» ወይን ያለበት መጠጥ ነው። እኛ ስሙን ተቀብለን ወይኑን ተውነው።

መለያ ያስፈልጋል። እኛ ወይን በሌለበት ጆግ ላይ የናና ቅጠል፣ ወይን ባለበት ላይ ክብ የሎሚ ቍራጭ እናደርጋለን፤ እንግዶች ሲገቡም የማንንም ፊት ሳናይ ለሁሉ አንድ ጊዜ እንናገራለን። ብርጭቆውም አንድ ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ተነሥቶ በራሱ እጅ ይቀዳል፤ ይህ አንዳንድ ሽማግሌዎችን ቅር ሊያሰኝ እንደሚችል እናውቃለን። በእኛ ልማድ ለእንግዳ ቆሞ መቅዳት ክብር ነውና። ቢሆንም በዚህ አንድ ነገር ከልማዱ ፈቀቅ ማለትን መርጠናል። የሚቀዳ አስተናጋጅ ምን ልቅዳልዎ ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄው ነው ሰውን በሰው ፊት የሚያስመርጠው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በዚያው በጥር ወር፣ ጋሼንና ባለቤታቸውን በድጋሚ ጠራናቸው። ይመጣሉ ብለን ተስፋ አላደረግንም ነበር። አመሻሽ ላይ ዘግይተው መጡ። ጋሼ ከሰው ጋር ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ወደ ጠረጴዛው ሄደው በሁለቱ ጆጎች ፊት ቆሙ። ባለቤታቸው ከወንበራቸው ሆነው ይመለከቷቸዋል፤ እኛም በሩቅ ዳቦ የምንቈርስ መስለን እንመለከታለን። ናና ካለበት ቀዱ።

ልማድ ክፉ ነው፤ ወደ እርሳቸው ስንደርስ አፋችን «በሞቴ» ብሎ ጀመረ። ጋሼ ቀና ብለው አዩን።

«በሞቴ፣ ጋሼ፤ ማንጎውን ጨምረው ይውሰዱ፤ ከሥር ቀርቶብዎታል» አልናቸው።

ሳቁና ጭልፋውን ከእጃችን ተቀበሉ።