በጓሮ የበቀለውን ሳታውቁት አትንቀሉት



ክረምቱ ሲወጣ የደጀን ጓሮ በቡቃያ ይሞላል። ያልዘራነው ሁሉ ይበቅላል። ፍሬውን ወፍ ትጥለዋለች፤ ጎርፍ ያመጣዋል፤ ከፍግ ጋርም ይገባል። አንዳንዱ ሰው መኮትኮቻውን ይዞ ሁሉንም ይነቅላል። ሌላው ደግሞ ሁሉንም ይተዋል። ሁለቱም ጉዳት አለው። ወይራና ጥድ የሚያድጉት ቀስ ብለው ነው። ዛሬ በአንድ እጅ የነቀልነውን ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈጃል። ዝም ብለን የተውነው ደግሞ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ እንዴት ነው የምንለየው? ፊደል ስንማር «በ» እና «ቡ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት መሆኑን አይተናል። ችግኝም እንደዚሁ ነው። ትንሿን ምልክት ማየት ያስፈልጋል።

1ኛ. ታገሡ። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች በብዙ ተክል ላይ ይመሳሰላሉ። ከእነሱ በኋላ የሚወጡትን ጠብቁ። እንዳይረገጥ አጠገቡ እንጨት ትከሉ።

2ኛ. ልጅ እናቱን ላይመስል ይችላል። ያደገ ነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን ነው። የችግኙ ቅጠል ግን ሰፋ ያለና አመድማ ነው፤ ያለ አንገት ከግንዱ ላይ ይለጠፋል። ቅጠሉን አሽታችሁ ብታሸቱት ግን ባሕር ዛፍነቱ ይታወቃል። የጥድ ችግኝም ቅጠሉ እንደ መርፌ ይዋጋል። ሲያድግ ግን ቅጠሉ ያንሳል፤ ከቅርንጫፉ ጋርም ይጣበቃል።

3ኛ. የቅጠሉን አቀማመጥ እዩ። የወይራ ቅጠል ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። ላዩ ያብረቀርቃል፤ ታቹ ፈዘዝ ይላል። የጌሾ ቅጠልም ያብረቀርቃል። ነገር ግን አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ እያለ በተራ ይወጣል።

4ኛ. ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ብሳናና ዋንዛ ሁለቱም ሰፊ ቅጠል አላቸው። የብሳና ቅጠል ከአንገቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች አሉት። ሲያረጅም እንደ ብርቱካን ቀልቶ ይወድቃል። ዋንዛ እነዚህ እብጠቶች የሉትም።

5ኛ. የማታውቁትን አትቅመሱ። አስተናግር በፍግና በጥራጊ ቦታ ይበቅላል። ቅጠሉ ሲታሽ ይከረፋል። አበባው ነጭና እንደ ጡሩምባ ነው። ፍሬው እሾሃም ሲሆን ውስጡ ጥቁር ዘር አለው። ዘሩም ቅጠሉም መርዝ ነው። ጉሎ ደግሞ ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ እጅ ነው። ፍሬውን እናቶች ምጣድ ያስሱበታል። ልጅ ካኘከው ግን ሊገድለው ይችላል። ልጅ ከእነዚህ አንዱን ከበላ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የበላውንም ተክል ይዛችሁ ሂዱ።

6ኛ. ጠይቁ። የጓሮ ዕውቀት በእናቶችና በሽማግሌዎች እጅ አለ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ አዩ። እዚያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያን በሽታ ያስተላልፋል። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። እናቶች እንዶድን ባያውቁ ኖሮ ሊቁ ከየት ያገኘው ነበር?

ለይታችሁ ስታበቁ መርዙን ከነሥሩ ንቀሉ። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣልና ከጎመን መደብና ከጉድጓድ አጠገብ አታቆዩት። ወይራውን፣ ጥዱንና ዋንዛውን ግን በጉና ፍየሉ እንዳይበላው በእሾህ እጠሩት። ቦታው ካልተመቸ አሁን አታንሱት፤ በጋው ያደርቀዋል። በሚመጣው ክረምት ከነአፈሩ አንሥታችሁ ትከሉት።

ጥያቄዎች
ሀ. ወይራና ጌሾ በምን ይለያሉ?
ለ. በጓሯችሁ ጉሎ ወይም አስተናግር አለ? ልጆቻችሁስ ያውቁታል?

የቤት ሥራ
በጓሯችሁ ሦስት ችግኞች ፈልጉ። የእያንዳንዱን ስም በካርቶን ላይ ጽፋችሁ አጠገቡ በተከላችሁት እንጨት ላይ እሰሩ። ስሙን ካላወቃችሁ ያያችሁበትን ቀን ጻፉ። ከዚያም ለጎረቤት አሳዩ።