ለልምምድ ሌላ፣ ለውድድር ሌላ

ዛሬ ስለ መሮጫ ጫማ ላጫውታችሁ ነው። ታላቁ ሩጫ ሲቃረብ በየሰፈሩ ሩጫ የሚጀምረው ሰው ይበዛል፤ ጫማ የሚገዛውም እንደዚያው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በእኔ ቤት የሆነውን ስሙ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ 37 ዓመት በነርስነት ያገለገልኩት የእኔ።

የልጅ ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ሩጫ ትሠለጥናለች። ቤታችን ከስድስት ኪሎ ከፍ ብሎ ስለሆነ አንድ ቀን ጃን ሜዳ፣ አንድ ቀን እንጦጦ ጫካ፣ አንድ ቀን አስፋልት ላይ ትሮጣለች። አምና ጫማዋ ሲያልቅ ውጭ ሀገር ለምትኖረው ልጄ ደወልኩና «ውድም ቢሆን ምርጡን ላኪላት» አልኳት። እሷም እንዳልኳት አደረገች። የመጣው ጫማ ሲያነሱት ላባ ነው፤ ሶሉ ወፍራም ስፖንጅ ሆኖ በውስጡ ከካርቦን የተሠራ ጠንካራ ዝርግ አለው። የማራቶን ሯጮች ለውድድር የሚያደርጉት ዓይነት ነው። ልጅቷ ከእግሯ አላወለቀችውም። ዳገቱንም፣ ቁልቁለቱንም፣ አስፋልቱንም በእሱ ሮጠች።

በሁለተኛው ወር «እግሬን መሐሉ ላይ ያመኛል» አለችኝ። «ልምምድ ሲበዛ ያለ ነው» ብዬ ቅባት አሸሁላት። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። አንድ ማታ ግን «እማማ እንዳትቆጪኝ፤ አሁን ተኝቼም ያመኛል» ስትለኝ ደነገጥኩ። እግሯን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ስሄድ አንዲት ቦታ ላይ ስደርስ ጮኸች። ጡንቻ ሲደክም ሰፋ ያለ ቦታ ያማል፤ በጣት የሚነካ አንድ ነጥብ ላይ የሚያም፣ በእረፍት ጊዜም የማይተው ሕመም ግን የአጥንት ሊሆን ይችላል። ይህን ለስንት ሰው ተናግሬአለሁ! በራሴ ቤት ረሳሁት።

መጀመሪያ የተነሳችው ራጅ ምንም አላሳየም። ኤምአርአይ ግን ከመሐል እግሯ አጥንቶች አንዱ በጫና ብዛት መሰንጠቁን አሳየ። ስምንት ሳምንት በክራንች ሄደች። ሐኪሙ ጫማውን ብቻ አልወቀሰም። የምትሮጠውን ርቀት በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደጨመረች፣ በቂ ምግብ ትበላ እንደሆነ፣ የወር አበባዋ ቀርቶባት እንደሆነ ሁሉ ጠየቃት። የሴት ልጅ እናቶች ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ምግብ ሲያንስና የወር አበባ ሲቀር አጥንት ይሳሳል። በመጨረሻም «ለልምምድ የምታደርጊው የቱን ነው? ለውድድርስ?» አላት። «አንድ ነው» አለችው።

የውድድር ጫማ የሚቀለው ዕድሜው ተቀንሶለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ ነበር። ሠሪዎቹ ራሳቸው ጫማው ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት መለማመጃ የታሰበ መሆኑን ተናግረዋል። የካርቦኑ ዝርግ ደግሞ እግር እንደ ልማዱ እንዳይታጠፍ ስለሚያደርግ ጫናውን ወዳልለመደው ቦታ ያዛውረዋል። በዚያ ላይ ዕለት ተዕለት የሚሮጥ የ17 ዓመት እግር ምን እንደሚሆን እኔ ቤት ታይቷል።

ተቃራኒውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ነገር ግን ያደረገው ጫማ ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ስለነበር ድሉን ተነጠቀ። ለጎዳና ውድድር የሚፈቀደው እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ያ ጫማ ለልምምድ ቢሆን ማንም ባልከለከለው ነበር።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 አሸንፏል። ነገር ግን አበበ በባዶ እግር መሮጥን የለመደ ሰው ነበር፤ በውድድሩ ዋዜማ ያገኘው አዲስ ጫማ ደግሞ አልተመቸውም። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጦ በድጋሚ አሸነፈ። እኔ ከእሱ የምማረው እግር ባልለመደው ነገር ውድድር አለመግባትን ነው።

እንግዲህ ለየትኛው ሩጫ የትኛው ጫማ?

ለዘወትር ልምምድ፦ ስፖንጁ ድንጋጤ የሚችል፣ ከሥሩ ጠንካራ ጎማ ያለው፣ ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝ። አብዛኛውን ኪሎ ሜትር የምትሮጡት በዚህ ነው።

ለፍጥነት ልምምድ፦ ቀለል፣ ሳሳ ያለ። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል።

ለእንጦጦ ዓይነት ጫካ፦ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ጭቃና ጠጠር ላይ የማያንሸራትት።

ለመም ውድድር፦ ባለ ሚስማሩ። ከመሙና ከሣሩ ውጭ አይደረግም።

ለጎዳና ውድድር፦ ቀላሉ። እሱንም አስቀድማችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩት። አዲስ ጫማ በውድድር ቀን አይመረቅም።

«ይህን ሁሉ በየትኛው ደመወዝ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አንድ ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ የዘወትሩን ግዙ። የታላቁን ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር በእሱ በደንብ ትጨርሱታላችሁ። በውድድር ጫማ ዓመቱን ሙሉ መለማመድ ግን አይቻልም።

ጫማ ለመግዛት ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ እግር ሲውል ያብጣልና። የምትሮጡበትን ካልሲ ይዛችሁ ሁለቱንም እግር ለኩ። ቆማችሁ ሳለ ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፤ የአንዱ 40 ከሌላው 40 ይለያል። «ሲለመድ ይሰፋል» የሚላችሁን ሻጭ አመስግናችሁ ውጡ።

ሰልባጅ የምትገዙ ደግሞ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት። ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የሌላ ሰው አረማመድ ነው የምትገዙት። ስፖንጁን ተጫኑት፤ ደርቆ ከሆነ ጎማው አዲስ ቢመስልም ጫማው አልቋል። የመሮጫ ጫማ ባብዛኛው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ይጨርሰዋል ማለት ነው።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ ለብቻችሁ ልምከራችሁ። እግራችሁ ሕመም የማይሰማው ከሆነ ጫማው ሲልጣችሁም አይነግራችሁም። ከማድረጋችሁ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ ውስጡን ዳብሱ። ማታ ማታ እግራችሁን በብርሃን እዩ፤ የውስጡን በመስታወት። ውሃ የቋጠረ ወይም የተላጠ ካገኛችሁ በቤት ውስጥ አታፍርጡ፣ በፍል ውሃም አትዘፍዝፉ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የልጅ ልጄ ዛሬ ደህና ናት፤ ቀስ ብላ ወደ ሩጫዋ ተመልሳለች። የዘወትር ጫማ ተገዛላት፤ ያ ላባ የመሰለው ካርቶኑ ውስጥ ሆኖ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ወር አንድ ቀን ብቻ ለውድድር ወረደ። አራተኛ ወጣች። ማታ ሶፋው ላይ አስቀምጫት እግሯን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ፈተሽኩ። «እማማ፣ ምንም የለም እኮ» አለችኝ። እኔ ግን ሁለቱንም እግር ሳልጨርስ አልተነሳሁም።

እናንተም ዛሬ ማታ የልጆቻችሁን ጫማ ገልብጣችሁ እዩ። ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።