«ወንድ ናት» እያላችሁ እስከ መቼ?

ባለፈው እትማችን ላይ አንድ የክፍላችን ልጅ ስለ «ባዮኒክ ሴት» የጻፈውን ሁላችሁም አንብባችኋል። ጽሑፉ መጥፎ አልነበረም፤ አንዳንድ ቦታማ ያስቃል። ነገር ግን ጓዳችን ቃሉን ሲፈታ «ሰው ሠራሽ አካል ተገጥሞላት ወንድ ያከለች ሴት» ብሎ ቁጭ! ገጹ ተባዝቶ ተበተነ፤ አንድም ሰው «እንዴት?» አላለም። እኔ ግን ዝም ብል ያንቀኛል።

ይህን ፍቺ ከየት አመጣኸው ወንድሜ? ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ጃክ ስቲል የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነው። በ1960 ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን ከተማ በተደረገ ጉባኤ አደባባይ ወጣ። ሥሩ የግሪኩ «ቢዮስ» ነው፤ ሕይወት ማለት ነው። ጅራቱ ከ«ኤሌክትሮኒክስ» ይምጣ ወይስ ተራ ቅጥያ ይሁን፣ እሱን ሊቃውንቱ ይጨቃጨቁበት። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ ሕያው ፍጥረት እንዴት እንደሚሠራ አይቶ፣ ከዚያ ተምሮ መሣሪያ መሥራት። ጭጎጎትን የማያውቅ የአይከል ልጅ የለም፤ ከሜዳ ስንመለስ ቀሚሳችን ላይ ተጣብቆ እናቶቻችንን ያስቆጣ ነበር። ዦርዥ ደ ሜስትራል የተባለ ስዊዛዊ በ1941 እንዲህ ያለ እሾህ በውሻው ፀጉር ላይ ተጣብቆ ቢያገኘው በአጉሊ መነጽር መረመረውና፣ ዛሬ በጫማና በቦርሳ ላይ ቸርር እያለ የሚላቀቀውን ማያያዣ ሠራ። የባዮኒክስ አስተሳሰብ ይኸው ነው። እዚህ ውስጥ ወንድ ማከል የት አለ?

ሔዋንንስ እንጥራት። ኦሪት ስሟን የሚያያይዘው ከሕይወት ጋር ነው፤ የዕብራይስጡ ሥርና የግእዙ «ሐይወ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እንግዲህ «ቢዮስ»ም ሕይወት፣ «ሔዋን»ም ሕይወት ከሆነ፣ «ባዮኒክ ሴት» ሕይወት በሕይወት ላይ ናት። (ጨዋታ ነው ካላችሁ ጨዋታ ይሁን፤ ከጓዳችን ፍቺ ግን ይሻላል።)

ጓዳችንን ያሳሳተው ቴሌቪዥኑ ይመስለኛል። ባዮኒኳ ጄሚ ሶመርስ በ1976 የራሷ ተከታታይ ፊልም ተሰጣት። ቴኒስ ተጫዋች ናት፤ በፓራሹት አደጋ ተጎድታ ሁለት እግሯ፣ ቀኝ እጇና ቀኝ ጆሮዋ በመሣሪያ ተተካ። መጀመሪያ የመጣችው ግን በ1975 በሌላ ፊልም፣ በባዮኒኩ ወንድ ታሪክ ውስጥ፣ የእሱ ፍቅረኛ ሆና ነው፤ እዚያው ገደሏት። ተመልካቹ ቢጮህ ነው ከሞት ያስነሷት! የሁለቱን ፊልሞች ርእስ በእኛ ቋንቋ ስትመልሱት ደግሞ እዩት፤ እሱ «የስድስት ሚሊዮን ዶላሩ ሰው»፣ እሷ «ባዮኒኳ ሴት»። እሱ ሰው፣ እሷ ሴት።

አሁን ከአሜሪካ ወደ አይከል ልመለስ፤ ያቃጠለኝ እዚያ ነው። አክስቴ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በመኪና አደጋ አንድ እግሯን ከጉልበቷ በታች አጣች። ከስንት ምልልስ በኋላ ሰው ሠራሽ እግር ተገጠመላት። መጀመሪያ ሰሞን ጉቶው እየቆሰለ ሌሊት ታለቅስ ነበር። ዛሬ በርበሬዋን ተሸክማ ገበያ ትወጣለች፣ ምጣዷን ትጥዳለች፣ ሦስት ልጆች ታስተምራለች። ጎረቤት ታዲያ ምን ይላል? «ወንድ ናት!» ለማመስገን ነው፤ ክፋት የለበትም። አንድ ቀን ሰለቻትና «ወንድ ብሆንማ እንጀራው ተጋግሮ ይቀርብልኝ አልነበር!» አለቻቸው። ሳቁ፤ በማግስቱም ያንኑ ደገሙ።

እስቲ ያችን ዓረፍተ ነገር ሰዋስው እንደምንማር ሰዎች እንያት። ስሙ ተባዕታይ፣ ግሱ አንስታይ! «ወንድ» ብለን ጀምረን «ናት» ስንል ምላሳችን ራሱ ሐሰቱን ያጋልጠዋል። ግልባጩ ደግሞ «ሴት ነው» ነው፤ እሱ ስድብ ነው፤ ያጣላል፣ ያማታል። «ወንድነት» ስንል ጀግንነት፣ «ሴትነት» ስንል ዐይን መስበርና ድምፅ መቀነስ። ማን ደለደለው? አክስቴ ሰው ሠራሽ የሆነው እግሯ ብቻ ነው፤ መራመዱ የራሷ ነው። ያንን ነጥቃችሁ ለወንድ ስትሰጡት ግን ሁለተኛ ጊዜ እግሯን ትቆርጣላችሁ።

ሴትነቱን ለማን እንደምንሰጠው ደግሞ ታዘቡ። «ሮቦት» የሚለው ቃል ካሬል ቻፔክ በ1920 ከጻፈው የቼክ ተውኔት የመጣ ነው፤ ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ነው። «ሮቦታ» የግዳጅ ሥራ ማለት ነው፤ አያቶቻችን ሁዳድ ከሚሉት፣ ገበሬው ለጌታው በነፃ ከሚያርሰው ጋር አንድ ነው። የሁዳድ ሠራተኛዋ ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመጣ «መጣች፣ ተናገረች» ብለን ተቀበልናት። ሆንግ ኮንግ የተሠራች ናት፤ በሶፍትዌሯ ላይ የአዲስ አበባው የአይኮግ ላብስ ወጣቶችም እጅ አለበት፤ ያ ያኮራል። ነገር ግን ይህችው ማሽን በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. የሳዑዲ ዜግነት ሲሰጣት፣ የዚያ አገር ሴቶች ገና መኪና መንዳት አልጀመሩም፤ የተጀመረላቸው በሰኔ 2018 ነው። በዚያ አገር በየቤቱ የሚደክሙት የእኛ እኅቶች ደግሞ ዜግነት ቀርቶ ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ ነበር። የታዘዘችውን የምትናገረው ብረት ሴት ስትባል፣ በብረት እግር ተነሥታ የቆመችው ሴት ወንድ ተባለች!

«ቃል ምን ያደርጋል፣ ተግባር ነው» የምትሉ አትጠፉም። ያደርጋል እንጂ! «ባልቴት» የመጣው ከግእዙ «በዓልተ ቤት» ነው፤ የቤቱ ባለቤት ማለት ነበር። ዛሬ ባልቴት ስንል ጥግ ላይ ጋቢ ለብሳ የተቀመጠች አሮጊት ናት የምትታየን። ቤቱን ከቃሉ ውስጥ ማን ወሰደው? ከእኛ አገር በስተምዕራብ ከቋራ የወጣችው ምንትዋብ በ1730 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ዘውድ ጫነች፤ በልጇም በልጅ ልጇም ዘመን መንግሥት ያዘች። የዘውድ ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነው። ብርሃኑም ሞገሱም የራሷ ተብሎ ተጻፈላት እንጂ «ወንድ» የሚል ማዕርግ አላስፈለጋትም።

ባዮኒክን ወደ አማርኛ እንመልሰው ከተባለ ከ«ሕያው» ቤት እንፈልግለት፤ ካልተገኘ እንደ ራዲዮና እንደ ባትሪ እንዳለ ይግባ። ጓዳችን መልስ ካለህ በሚቀጥለው እትም ጻፍ፤ ስቴንስሉን እኔ እቆርጥልሃለሁ። «ወንድ ያከለች» የምትለውን ሐረግ ግን ራስህ መጥተህ ምታት፤ የእኔ ጣት አይመታትም።